የ2036 ኦሎምፒክ አዘጋጅ መቼ ይታወቃል? ለአንድ የበቆጂ አሠልጣኝ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በአርሲ፣ በቆጂ አካባቢ ታዳጊ ሯጮችን አሠለጥናለሁ። የ14 እና የ15 ዓመት ልጆች አሉኝ፤ ዕድሜያቸውን ስቆጥር ትክክለኛ ጊዜያቸው የ2036 ኦሎምፒክ ነው። ድሮ አዘጋጁ ከተማ ከሰባት ዓመት በፊት ፖስታ ተከፍቶ በቴሌቪዥን ሲነገር እናይ ነበር፤ አሁን ግን ወሬ ብቻ ነው የምንሰማው። የሚታወቀው መቼ ነው? የሚወስነውስ ማን ነው? የአፍሪካ ከተማ ዕድል አላት ወይ? ቦታው ቀድሞ ቢታወቅ ለእኔ ሥራ ምን ይጠቅመኛል?»

የተከበሩ አሠልጣኝ፣

ጥያቄዎ አራት ቢመስልም ሥሩ አንድ ነው። እርስዎ የሚጠብቁት የዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ የሚሰጥበትን ቀን ነው፤ ያ ቀን ግን ዛሬ ውሳኔው የሚጸድቅበት እንጂ የሚወለድበት ቀን አይደለም። ውሳኔው የሚወለደው ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ፣ ካሜራ በማይገባበት ክፍል ውስጥ ነው። ይህ ለውጥ እንዴት እንደመጣ ካልተረዳን የ2036ን ዝምታም ሆነ የአፍሪካን ዕድል በትክክል ልንመዝን አንችልም። በዚህ ምላሽ ውስጥ የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በቀድሞው ሥርዓት ከተሞች በብሔራዊ ኦሎምፒክ ኮሚቴያቸው በኩል እጩ ሆነው ይቀርቡ ነበር። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ካጣራቸው በኋላ ለመጨረሻው ዙር የደረሱት ከውድድሩ ሰባት ዓመት በፊት በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ቆመው ያስረዳሉ፤ አባላቱም በምሥጢር ድምፅ ይሰጣሉ። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከተማ ከሌለ አነስተኛ ድምፅ ያገኘው ይወጣና ምርጫው ይደገማል። የአገራቸው ከተማ በፉክክሩ ውስጥ ያለች አባላት ደግሞ ከተማዋ እስክትወጣ ድረስ አይመርጡም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትንሽ ቢመስልም በየዙሩ የመራጩን ቁጥር ይለዋውጠዋል፤ የወደቀችው ከተማ ደጋፊዎችም ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይዞራሉ። በመሆኑም የሚያሸንፈው ብዙ ሰው አብልጦ የሚወደው ከተማ ብቻ ሳይሆን ብዙ ሰው የማይጠላው ከተማም ነበር።

የጥበቃው ልብ አንጠልጣይነት የመነጨው ከዚህ ነው። በ1993 ሞንቴ ካርሎ ላይ ቤጂንግ ሦስቱን የመጀመሪያ ዙሮች ስትመራ ቆይታ በመጨረሻው በሲድኒ 45 ለ43 ተሸነፈች። በጁላይ 2005 ሲንጋፖር ላይ ፓሪስ ያሸንፋል ብሎ ብዙው ሰው ሲጠብቅ ለንደን 54 ለ50 ወሰደችው። በኦክቶበር 2009 ኮፐንሃገን ላይ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ራሳቸው ተገኝተው የተናገሩላት ቺካጎ 18 ድምፅ ብቻ አግኝታ በመጀመሪያው ዙር ወጣች፤ በዚያው ዙር በ28 ድምፅ ትመራ የነበረችው ማድሪድም በመጨረሻ በሪዮ ዴ ጄኔሮ 66 ለ32 ተረታች። እነዚያን ቀናት በቴሌቪዥን የተከታተለ ሰው ዛሬ አንድ ነገር እንደጎደለበት ቢሰማው አይፈረድበትም፤ እኔም ይሰማኛል።

ሆኖም ያ ሥርዓት የወደቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያው ቁስል በ1998 መጨረሻ የተጋለጠው የሶልት ሌክ ሲቲ ጉዳይ ነው፤ የ2002ን የክረምት ኦሎምፒክ ለማግኘት ለአንዳንድ የኮሚቴው አባላት ስጦታና ጥቅማ ጥቅም መሰጠቱ ተረጋግጦ አሥር ያህል አባላት ተባረሩ ወይም በፈቃዳቸው ለቀቁ፤ አባላት እጩ ከተሞችን እየዞሩ መጎብኘታቸውም ተከለከለ። ሁለተኛውና የከፋው ቁስል የእጩዎች መሸሽ ነበር። ከተሞች በብዙ ሚሊዮን ዶላር ወጪ ዓመታት ለፍተው ከተሸናፊነት በቀር የሚተርፋቸው ነገር እንደሌለ ሲያዩ፣ ሕዝቡም ካሸነፉ በኋላ የሚመጣውን ዕዳ ሲያሰላ፣ መልሱ «ይቅርብን» ሆነ። ሞንትሪያል የ1976ን ዕዳ ከፍላ ለመጨረስ 30 ዓመት እንደፈጀባት የዘነጋ የከተማ ምክር ቤት የለም። ለ2022 የክረምት ኦሎምፒክ ኦስሎ፣ ስቶክሆልም፣ ክራኮቭና ሊቪቭ አንድ በአንድ ወጥተው ቤጂንግና አልማቲ ብቻ ቀሩ፤ ቤጂንግም 44 ለ40 አሸነፈች። ለ2024 ሐምቡርግ በሕዝበ ውሳኔ፣ ሮም በከንቲባዋ ውሳኔ፣ ቡዳፔስት ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ ተብሎ ፊርማ ከተሰበሰበ በኋላ ወጡ። የቀሩት ፓሪስና ሎስ አንጀለስ ብቻ ስለነበሩ ኮሚቴው አንዱን ከማሳዘን ብሎ በሴፕቴምበር 2017 ሊማ ላይ ለሁለቱም በአንድ ቀን ሰጣቸው፤ ለፓሪስ 2024ን፣ ለሎስ አንጀለስ 2028ን።

ከዚያ በኋላ ነው በጁን 2019 ሎዛን ላይ ደንቡ የተለወጠው። የሰባት ዓመቱ ገደብ ተነሣ፤ ስለዚህ አዘጋጅ በማንኛውም ጊዜ ሊመረጥ ይችላል። «አዘጋጅ» የሚለው ቃልም ከአንድ ከተማ ወደ ብዙ ከተሞች፣ ወደ ክልል፣ እንዲያም ሲል ወደ ተጎራባች አገሮች ሰፋ። ዋናው ለውጥ ግን አንዱ ለበጋ፣ አንዱ ለክረምት ውድድር የተቋቋሙት ሁለት የወደፊት አዘጋጆች ኮሚሽኖች ናቸው። ፍላጎት ያለው አገር ከሚመለከተው ኮሚሽን ጋር ግዴታ የሌለበት፣ የጊዜ ገደብም የሌለው ውይይት ይጀምራል። ኮሚሽኑ አንዱ እቅድ በቂ ሆኖ ሲያገኘው ለሥራ አስፈጻሚ ቦርዱ ያሳውቃል፤ ቦርዱም ያንን አገር ነጥሎ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይጋብዘዋል። በዚህ ደረጃ የመንግሥት ዋስትናዎች፣ የበጀት ሰነዶችና የስፍራዎች ዝርዝር ይመረመራሉ። ሁሉም ከተሟላ ያ አንድ እጩ ብቻውን ለጠቅላላ ጉባኤው ይቀርባል፤ አባላቱም «ይሁን» ወይም «አይሁን» ይላሉ።

በእኛ ወግ ብመስለው፣ ቀድሞ አጩዎቹ ሁሉ በአንድ ቀን በአደባባይ ቀርበው ቤተ ዘመድ ይመርጥ ነበር፤ አሁን ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን በቤት ውስጥ ጨርሰው ቤተ ዘመዱን ለምርቃት ይጠሩታል። ምርቃቱ ባዶ ነገር አይደለም፤ ከተፈለገ «አንመርቅም» ማለት ይቻላል። ነገር ግን በዚያ ቀን የሚወዳደር ሌላ አጩ በቤቱ ውስጥ የለም።

የብሪዝበን ምርጫ ይህን በግልጽ ያሳየናል። በፌብሩዋሪ 2021 ቦርዱ ብሪዝበንን ነጥሎ ለ2032 ሲጋብዝ የጀርመኑ ራይን ሩር፣ ዶሃ፣ ቡዳፔስትና ሌሎችም ገና በውይይት ላይ ነን ብለው ያስቡ ነበር። ራይን ሩርን የደገፉት ጀርመናውያን መደንገጣቸውን አልደበቁም። ከአምስት ወር በኋላ፣ በጁላይ 21 ቀን 2021 ቶኪዮ ላይ፣ ጉባኤው 72 ድጋፍ፣ 5 ተቃውሞና 3 ድምፀ ተአቅቦ ሰጥቶ አጸደቀው። ውድድሩ ሊካሄድ 11 ዓመት ሲቀረው መሆኑ ነው። አሠልጣኝ ሆይ፣ ጁላይን የጠበቀ ሰው ዘግይቷል፤ ነገሩ ያለቀው በፌብሩዋሪ ነበር።

አዲሱ መንገድ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብለው ቢጠይቁኝ፣ በአንድ በኩል በሙሉ ልብ እደግፈዋለሁ። ድሃም ሆነ ሀብታም አገር ተሸንፎ ለሚቀርበት ፉክክር የሕዝብ ገንዘብ ማፍሰሱ ቀርቷል፤ ከተማው ለኦሎምፒክ ይስተካከል ከማለት ኦሎምፒኩ ለከተማው ይስተካከል ወደሚል አስተሳሰብም ተሸጋግረናል። በሌላ በኩል ግን ያልተመረጡት ለምን እንዳልተመረጡ ሕዝብ የሚያነጻጽርበት ሰነድ የለም። የ2019ን ማሻሻያ ያዘጋጀውን ቡድን የመሩት አውስትራሊያዊው ጆን ኮትስ ነበሩ፤ በአዲሱ ደንብ የበጋ ኦሎምፒክን የመጀመሪያ ዕድል ያገኘችውም አውስትራሊያ ሆነች። በዚህ ውስጥ ጥፋት አለ እያልኩ አይደለም፤ እጩዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ግን እንዲህ ያለ ጥርጣሬ መነሻ አያገኝም ነበር። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት እጩዎች እስከ ጉባኤው ድረስ ቢደርሱ፣ የኮሚሽኑም ንጽጽር ቀድሞ ቢታተም የሚሻል ይመስለኛል።

ይህ የእኔ ብቻ ስሜት እንዳልሆነ የ2025 ክስተቶች አሳይተዋል። በማርች 20 ቀን 2025 ግሪክ ላይ የዚምባብዌዋ ዋናተኛ ከርስቲ ኮቨንትሪ ከ97 ድምፅ 49 አግኝተው በመጀመሪያው ዙር የኮሚቴው ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ይህን ወንበር የያዙ የመጀመሪያዋ ሴትና የመጀመሪያዋ አፍሪካዊ ናቸው። በጁን መጨረሻ ሥራ እንደጀመሩ ከአባላቱ ጋር ተሰብስበው ከመከሩ በኋላ የወደፊት አዘጋጆች አመራረጥ ለአፍታ ገታ ብሎ እንዲጤን መወሰኑን አስታወቁ። ሁለት ምክንያት ነበር የተነሣው። አባላቱ በምርጫው ውስጥ የበለጠ ድርሻ እንዲኖራቸው ይፈልጋሉ፤ አዘጋጅ ከውድድሩ ምን ያህል ዓመት ቀድሞ ቢመረጥ ይሻላል የሚለውም መመለስ አለበት። እርስዎ «ወሬ ብቻ» ያሉት ዝምታ መነሻው ይህ ነው። የተረሳ ወይም የዘገየ ነገር የለም፤ መንገዱ ራሱ እየተጠገነ ነው።

ስለዚህ «መቼ» ለሚለው ጥያቄ ደንቡ የተቆረጠ ቀን አያስቀምጥም። በድሮው ስሌት 2036 የሚመረጠው በ2029 ይሆን ነበር፤ የሎስ አንጀለስ 2028ና የብሪዝበን 2032 አስቀድመው ስለተያዙ ኮሚቴውን የሚያጣድፈው ነገር የለም። እንደ ብሪዝበን የ11 ዓመት ቅድሚያ መጠበቅም አይገባም፤ ያ ምርጫ ደግመን የምናየው ልማድ ሳይሆን የራሱ ጊዜ ውጤት ይመስለኛል።

ፈላጊዎቹ ግን ብዙ ናቸው። ሕንድ በኦክቶበር 2024 የፍላጎት ደብዳቤዋን በይፋ አስገብታለች፤ እቅዷ የሚያጠነጥነው 132,000 ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም ባላት በአሕመዳባድ ላይ ነው። ይህችው ከተማ በኖቬምበር 2025 የ2030ን የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ማግኘቷ የማዘጋጀት ብቃቷን ለማሳየት መድረክ ይሆንላታል። ኳታር ከሚያስፈልገው የስፖርት መሠረተ ልማት 95 በመቶው አለኝ ትላለች። ኢስታንቡል ከ2000 እስከ 2020 ባለው ጊዜ አምስት ጊዜ ጠይቃ አምስት ጊዜ የተመለሰች ከተማ ናት። ደቡብ ኮሪያ በፌብሩዋሪ 2025 ባደረገችው የአገር ውስጥ ምርጫ ሶልን ትታ ጆንቡክ ግዛትን 49 ለ11 መርጣለች። ኢንዶኔዥያ አዲሷን ዋና ከተማ ኑሳንታራን፣ ቺሊ ሳንቲያጎን ያነሣሉ። ጀርመን ከበርሊን፣ ከሙኒክ፣ ከሐምቡርግና ከራይን ሩር አንዱን ለመምረጥ ተነሥታለች፤ የሙኒክ ሕዝብ በኦክቶበር 2025 ሕዝበ ውሳኔ ከ66 በመቶ በላይ ድጋፍ መስጠቱ በአውሮፓ ለረጅም ጊዜ ያልታየ ነገር ነው። ይሁን እንጂ 2036 የ1936ቱ የናዚ ዘመን የበርሊን ኦሎምፒክ አንድ መቶኛ ዓመት መሆኑ ለጀርመን ከባድ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ አፍሪካ ልምጣ፤ ይህን ክፍል የምጽፈው ዳር ቆሞ እንደሚመለከት ሰው ሆኜ አይደለም። አምስቱ ቀለበቶች አምስቱን አህጉራት ያመለክታሉ ይባላል፤ ከ1896 ወዲህ ግን የበጋውም የክረምቱም ኦሎምፒክ አፍሪካ ምድር ላይ ተካሂዶ አያውቅም። ከሁሉም የቀረበችው ኬፕ ታውን ነበረች። በሴፕቴምበር 1997 ሎዛን ላይ የ2004 አዘጋጅ ሲመረጥ ኔልሰን ማንዴላ ራሳቸው ተገኝተው ለከተማዋ ተናገሩ። በመጀመሪያው ዙር ኬፕ ታውንና ቦነስ አይረስ እኩል 16 ድምፅ አግኝተው ከታች ተያያዙ፤ በመለያው ኬፕ ታውን 62 ለ44 አሸንፋ ቀጠለች፤ ስቶክሆልምንም አስወጥታ እስከ ሦስተኛው ዙር ዘለቀች፤ በዚያ ግን 20 ድምፅ ብቻ አግኝታ ወጣች። ዋንጫው የአቴንስ ሆነ፤ ሮምን 66 ለ41 ረታች። ከኬፕ ታውን ሌላ ካይሮ ለ2008 ጠይቃ ለመጨረሻው ምርጫ ከተያዙት አምስት ከተሞች ውስጥ ሳትገባ ቀረች።

ከእነዚህ ሁሉ የበለጠ ትምህርት የምወስደው ግን ከደርባን ነው። ደርባን በ2015 የ2022ን የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ያለ ተፎካካሪ አገኘች፤ በማርች 2017 ግን የሚጠበቀው የገንዘብ ዋስትና በጊዜው ሳይቀርብ በመቅረቱ ዕድሉ ተወስዶ ኋላ ለበርሚንግሃም ተሰጠ። ልብ ይበሉ፣ ይህ የሆነው የ2010ን የዓለም እግር ኳስ ዋንጫ በክብር ባዘጋጀች አገር ነው፤ የሞሰስ ማቢዳ ስታዲየም እዚያው ከተማ ውስጥ ቆሞ ነበር። የጎደለው ስታዲየም ወይም የሕዝብ ፍቅር ሳይሆን የገንዘብ ሚኒስቴር ፊርማ ነው። አዲሱ የምርጫ መንገድ ደግሞ ከቀድሞው ይበልጥ በዚህ ፊርማ ላይ የቆመ ነው። በድሮው ጊዜ ድንቅ ንግግርና ትልቅ ሰው ድምፅ ሊያስለውጡ ይችሉ ነበር፤ ኮሚሽን ፊት ግን ማንዴላም ቢቀርቡ የዋስትናውን ሰነድ አይተኩትም።

በሌላ በኩል አዲሱ ደንብ ለአፍሪካ የከፈተው በር አለ፤ ስለ እርሱ የሚነገረው ከሚገባው በታች ይመስለኛል። ውድድሩ በአንድ ከተማ መሰብሰቡ ግዴታ አይደለም። ፓሪስ 2024 የማዕበል ላይ ቀዘፋውን ከ15,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው ታሂቲ ደሴት አካሂዳለች፤ ከመወዳደሪያ ስፍራዎቿም 95 በመቶው አስቀድሞ የነበሩ ወይም ለጊዜው ተሠርተው የሚነሡ ነበሩ። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ የ2027ን የአፍሪካ ዋንጫ በጋራ ሲወስዱ በአህጉራችን የዚህ ዓይነት ትብብር ልምምድ ጀምረናል ማለት ነው። አሥር ሺህ አምስት መቶ ያህል አትሌቶችን፣ ከዚያም የፓራሊምፒክ ተወዳዳሪዎችን በአንድ ከተማ ማስተናገድ ለብዙዎቹ አገሮቻችን ከአቅም በላይ ሊሆን ይችላል፤ ሸክሙ ሲከፋፈል ግን ስሌቱ ይለወጣል።

በ2036 ፍላጎታቸውን ከገለጹት ውስጥ ግብፅና ደቡብ አፍሪካ በእውነት ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ግብፅ በአዲሱ የአስተዳደር ከተማዋ ውስጥ ትልቅ የኦሎምፒክ ስፖርት መንደር ገንብታለች፤ ደቡብ አፍሪካ የ2010 ስታዲየሞቿና የሆቴልና የመንገድ መሠረቷ አላት። የእኔን ግምት ከጠየቁኝ፣ የእስያ ፈላጊዎች ብዛትና የሰነድ ዝግጅታቸው ሲታይ ለአፍሪካ 2040 ከ2036 ይልቅ የቀረበ ይመስለኛል። ፕሬዚዳንቷ አፍሪካዊ መሆናቸው ነገሩን ይጨርሰዋል ብለው የሚያስቡ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ፕሬዚዳንቱ በልማድ በአዘጋጅ ምርጫ ድምፅ አይሰጥም፤ በመጀመሪያው ትልቅ ምርጫቸው ለአህጉራቸው አደሉ እንዳይባሉ ይበልጥ የሚጠነቀቁም ይሆናሉ። በተመሳሳይ ከ2013 ጀምሮ የኮሚቴው አባል የሆኑት ኢትዮጵያዊቷ ዳግማዊት ግርማይ ኢትዮጵያን ወክለው የሚመርጡ አይደሉም፤ በኦሎምፒክ ቻርተር መሠረት አባላት ኮሚቴውን በአገራቸው የሚወክሉ እንጂ አገራቸውን በኮሚቴው የሚወክሉ አይደሉም። ይህን ልዩነት ባለማወቅ «ድምፃችን የት ሄደ» የሚል ቅሬታ ሲነሣ እሰማለሁ።

አፍሪካ በእውነት የምትፈተንበት መድረክ ዳካር ነው። የወጣቶች ኦሎምፒክ በ2018 ለሴኔጋል ሲሰጥ ለ2022 ታስቦ ነበር፤ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተራዝሞ ከኦክቶበር 31 እስከ ኖቬምበር 13 ቀን 2026 ተይዟል። ኮሚቴው ያኔ አስቀድሞ «አዘጋጁ አፍሪካዊ ይሁን» ብሎ ወስኖ ከሴኔጋል፣ ከቱኒዚያ፣ ከናይጄሪያና ከቦትስዋና ጋር ተነጋገረ፤ ከዚያ አንዷን መርጦ ለጉባኤው አቀረበ። የዛሬው አሠራር የተሞከረው እዚያ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ቀን «የ2040 አዘጋጅ አፍሪካ ውስጥ ይሁን» የሚል ተመሳሳይ ውሳኔ ቢመጣ ቀድሞ የተሄደበት መንገድ አለው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ፣ ለሥራዎ ምን ይጠቅማል የሚለው፣ ከሁሉም ይበልጥ ያሳሰበኝ ነው፤ የከተማ ምርጫ ለኢትዮጵያ አትሌት ሩቅ የባለሥልጣናት ጉዳይ ሆኖ አያውቅምና። በ1963 ባደን ባደን ላይ አባላቱ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችውን ሜክሲኮ ሲቲን ሲመርጡ ለደጋ ሯጮች የሚመች አየር መረጡ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ማሞ ወልዴ እዚያ በ10,000 ሜትር ብር፣ በማራቶን ወርቅ ወሰደ። በ1981 ሶል ስትመረጥ ደግሞ ለሌላ ዕጣ ነበር። በላይነህ ዴንሳሞ በኤፕሪል 1988 ሮተርዳም ላይ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን የማራቶን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በዚያው ዓመት ግን ኢትዮጵያ የሶሉን ኦሎምፒክ ስላልተሳተፈች የዓለም ፈጣኑ ሯጭ ቤቱ ቀረ።

ወደ ፊት ስንመለከት ከፖለቲካው ይልቅ ሙቀቱ ያሳስበኛል። የዶሃን የ2019 የዓለም ሻምፒዮና ያስታውሱታል። የሴቶቹ ማራቶን በእኩለ ሌሊት ተጀምሮ እንኳ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ፣ እርጥበቱም ከባድ ነበር፤ ከተነሡት 68 ሯጮች የጨረሱት 40 ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም ኢትዮጵያውያን ሴቶች አቋርጠው ወጡ። ከሳምንት በኋላ አየሩ ለዘብ ባለበት ሌሊት ደግሞ ሌሊሳ ዴሲሳና ሞስነት ገረመው አንደኛና ሁለተኛ ሆኑ። ከተማው ያው፣ መንገዱ ያው፣ ልዩነቱ አየሩ ነበር። ያንን ያየው ኮሚቴ ወዲያው በኦክቶበር 2019 የቶኪዮን የማራቶንና የእርምጃ ውድድሮች 800 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ወደ ሳፖሮ አዛወራቸው።

ከዚህ የሚወሰደው ነገር ሁለት ገጽ አለው። አንደኛ፣ የከተማው ስም መታወቁ የማራቶኑን ቦታ፣ ሰዓትም ሆነ ወር ገና አይነግርዎትም። ዶሃ ለ2016 በጠየቀች ጊዜ በቴክኒክ ግምገማው ከሪዮ የበለጠ ነጥብ አግኝታ ሳለ ውድድሩን በኦክቶበር ላድርገው በማለቷ ከመጨረሻዎቹ እጩዎች ውስጥ አልገባችም፤ ዛሬ ግን ስለ ወራቱ ያለው አቋም ለውይይት ክፍት እየሆነ ነው። አሕመዳባድ በጁላይና በኦገስት ዝናብና ወበቅ ይበረታባታል፤ ኑሳንታራ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ናት፤ ጆንቡክ በእነዚያ ወራት ይወብቃል፤ ሳንቲያጎና ኬፕ ታውን ግን በዚያ ጊዜ ክረምታቸው ስለሆነ ቀዝቃዛ ናቸው። አንድ ቡድን ለእነዚህ ሁሉ ከአሥር ዓመት በፊት ሊዘጋጅ አይችልም፤ ሊዘጋጅም አይገባውም።

ሁለተኛ፣ ለሙቀት መላመድ የሚያስፈልገው ጊዜ የሳምንታት ነው፤ የዓመታት አይደለም። ለ14 ዓመት ልጅ ዛሬ ስለ አሕመዳባድ ወበቅ መጨነቅ ልጁንም ሥልጠናውንም ያደክማል። የፓሪስ 2024 ማራቶን አጠቃላይ 436 ሜትር መውጣት የነበረበት አስቸጋሪ መንገድ ነበር፤ ታምራት ቶላ በተጠባባቂነት ተይዞ ቆይቶ ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ገብቶ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ያንን ዳገት ያሸነፈው ለፓሪስ ተብሎ የተዘጋጀ እግር ብቻ አይመስለኝም፤ የደጋ ዳገት ለዓመታት ያጠነከረው እግር ነው፤ የእርስዎም ሰፈር ይህ አይጎድለውም።

እንግዲህ መከታተል ከፈለጉ የሚጠብቁትን ነገር ይለውጡ። ፖስታውን አይጠብቁ። መጀመሪያ የኮሚቴው አዲስ የአመራረጥ ደንብ ይታወቃል፤ እርሱን ያንብቡ። ከዚያ ሥራ አስፈጻሚ ቦርዱ አንድን አገር ወይም ጥቂት አገሮችን ነጥሎ የጋበዘበትን ቀን ይመዝግቡ፤ ድሮ ፖስታው የሚከፈትበትን ቀን የሚተካልዎት ያ ነው። ከተማው ከታወቀ በኋላ የሩጫው መንገድ፣ ሰዓትና ወር እስኪወጣ ድረስ ለቦታው ብሎ የሥልጠና እቅድ መቀየር አያስፈልግም። ልጆችዎን በተመለከተ ግን ከ2036 የሚቀድም ነገር አለ። ዳካር ዕድሜያቸው እስከ 17 የሆኑ 2,700 ወጣት አትሌቶችን የሚያስተናግድ መድረክ ነው፤ ኢትዮጵያ ለእርሱ ስለምታደርገው የማጣሪያ አሠራርና ስለ ልደት ዓመት መስፈርቱ ፌዴሬሽኑን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የልጆቹንም የልደት ማስረጃ ከወዲሁ አስተካክለው ይያዙ።